ከሶክቾ ለእማዬ

መስከረም 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ አደረሳችሁ። ደመራውን በስልክ አየሁት።

ዘንድሮ መስቀል ከኮሪያዎቹ ትልቅ በዓል ከቹሶክ ዋዜማ ጋር ገጠመ። ፋብሪካው ተዘጋ። አገሬው ሁሉ ወደ ዘመዶቹ ሲተም፣ እኛ ዘመድ የሌለን ማደሪያችን ውስጥ ሩዝ ቀቅለን ስልክ እየነካካን መዋል ነው ልማዳችን። አሁንስ በቃኝ አልኩ። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወደ ምሥራቁ ጠረፍ ሄድኩ፤ ሶክቾ ወደምትባል ከተማ።

ከሴኡል በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው ይላሉ። በበዓል ሰሞን ግን ይኼ ወሬ ነው፤ መንገዱ በመኪና ተዘጋግቶ ቀኑን በላው። በቹንቾን አጠገብ ስናልፍ ጎረቤታችንን ሻምበልን አሰብኳቸው። በኮሪያ ጦርነት የተዋጉት የእኛ የቃኘው ዘማቾች መታሰቢያ እዚያ ነው ያለው። ሐውልቱን ጃንሆይ ራሳቸው በ1960 ዓ.ም. መጥተው መርቀውታል። ሰላም በይልኝ።

ሶክቾ ትንሽ ናት፤ ነዋሪዋ 80 ሺህ ገደማ ቢሆን ነው። ፊቷ ባሕር፣ ጀርባዋ ሶራክሳን የሚባል ተራራ። ተራራ የማይታይበት ከተማ እንደሚጨንቀኝ ታውቂያለሽ፤ የሽሮ ሜዳ ልጅ ምን ይደረግ። 7 ቁጥር አውቶቡስ ተሳፍረሽ መጨረሻው ላይ ስትወርጂ የፓርኩ በር ላይ ነሽ።

የሶራክሳን ከፍተኛው ጫፍ 1,708 ሜትር ነው። እኛ ሰፈር ቁጭ ብሎ ቡና የሚጠጣ ሰው ከዚያ ይበልጣል። ግን እዚህ መነሻው ባሕር ነው፤ ልዩነቱን ጉልበት ያውቀዋል። እኔ እዚያ ድረስ አልደፈርኩም። ኡልሳንባዊ ወደሚሉት ቋጥኝ ወጣሁ። እሱም 873 ሜትር ነው። ከመግቢያው አጠገብ አንድ ትልቅ የነሐስ ቡድሃ ተቀምጧል፤ አማትቤ አለፍኩ። ከፍ ሲል ደግሞ ሰው ሲገፋው የሚነቃነቅ፣ ግን የማይወድቅ ክብ ድንጋይ አለ። ሰዉ ተራ ይዞ እየገፋ ፎቶ ይነሳል። እኔም ገፋሁት። ተነቃነቀ አሉኝ፤ ለእኔ አልታየኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው ደረጃ ነው። ገደሉ ላይ የተገጠመ የብረት ደረጃ፣ ቀጥ ያለ። ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ሲል በአንቺ ዕድሜ ያለች ሴትዮ በሁለት ዱላ እየተመረኮዘች አለፈችኝ። ከላይ ስደርስ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። ከቦርሳዋ ኪያር አወጣች፣ ለሁለት ሰበረችና ግማሹን ሰጠችኝ። እዚህ ተራራ ሲወጡ ኪያር ይይዛሉ፤ ውሃም ምግብም ይሆናል። ያን ቀን ከዚያ የሚጥም ነገር አልቀመስኩም። ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ነው፤ ከሩቅ ከፍተኛው ጫፍ አካባቢ ብቻ መቅላት ጀምሯል። በሌላው በኩል ባሕሩ።

ስለዚህ ቋጥኝ ተረት አላቸው። ድሮ ኩምጋንግሳን የሚባል ተራራ ሲሠራ ያማሩ ድንጋዮች ሁሉ ተጠሩ። ይኼኛው ከደቡብ ከኡልሳን ተነስቶ ሲጓዝ ዘገየ። እዚህ ሲደርስ ቦታው ሞልቷል አሉት። በዚያው ቀረ። ኩምጋንግሳን ዛሬ ሰሜን ኮሪያ ውስጥ ነው።

በማግስቱ አባይ ወደሚሉት መንደር ተሻገርኩ። መሻገሪያው ጠፍጣፋ ታንኳ ነው፤ ሞተር የለውም። ከዳር እስከ ዳር የብረት ገመድ ተዘርግቷል። ጫፉ የተቆለመመ ብረት ይሰጡሽና ገመዱን በእሱ ይዘሽ ወደ ኋላ እየተራመድሽ ትጎትቻለሽ። 500 ዎን ከፍዬ ራሴን ጎትቼ አሻገርኩ። በፋብሪካ የለመድኩት ሥራ ስለሆነ ባለ ታንኳው ወደደኝ።

መንደሩን የሠሩት በጦርነቱ ጊዜ ከሰሜን፣ ከሃምግዮንግ የሸሹ ሰዎች ናቸው። ቶሎ እንመለሳለን ብለው ለድንበሩ ቀረብ ካለው ከዚህ ባሕር ዳር አሸዋ ላይ ጎጆ ቀለሱ። በ1945 ዓ.ም. ተኩስ ቆመ፣ ድንበሩም ተዘጋ። ይኸው 70 ዓመት። አብዛኞቹ እዚሁ ሞተዋል። በቹሶክ ኮሪያዊ ሁሉ ወደ አባቶቹ መቃብር ይሄዳል፤ የእነሱ አባቶች ግን ድንበር ማዶ ናቸው። ከአንድ ምግብ ቤት ደጃፍ አንድ ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ከየት ነህ አሉኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው ብድግ ብለው እጄን ጨበጡኝ። ሌላ ምንም አላሉም።

ስለ ምግብ እንደምትጨነቂ አውቃለሁ። የመንደሩ ዝና ስኩዊድ በሩዝና በአትክልት ሞልተው የሚያበስሉት ነገር ነው። ቅርፊት ስለሌለው አልነካሁትም፤ ተረጋጊ። በከሰል የተጠበሰ ዓሣ በላሁ። ከገበያው ደግሞ ማርና ቃሪያ የገባበት የዶሮ ጥብስ በካርቶን ገዝቼ ለማደሪያችን ልጆች ወሰድኩላቸው። ወዲያው ነው ያለቀው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ባለፈው ስንደዋወል ክፍሌን ጠርገሽ፣ አልጋዬን አንጥፈሽ ቆልፈሽዋል አልሽኝ። ዛሬ ነገ ይመጣል ብለሽ። እማዬ፣ መምጣቴ አይቀርም። የአባይ መንደር ሰዎችን ያስቀራቸው ድንበር ነው፤ እኔን የያዘኝ ወረቀት ነው። ወረቀት ቢዘገይም ይገኛል። ግን እስከዚያ ክፍሉ ለምን ባዶ ይቀመጣል? በዚህ የኑሮ ውድነት! አከራዪው። መጽሐፎቼን እህቴ ትውሰድ፣ ቁም ሳጥኑ ለተከራዩ ይሁን። ተከራዩን ግን እሷ ትምረጥ፤ አንቺ አንጀትሽን የበላውን ሁሉ በነፃ ታስገቢያለሽ። ቅድሚያ ክፍያም ተቀበሉ። እኔ ስመጣ ሳሎን እተኛለሁ።

ልጅሽ