ለወቅቶች ዐውደ ርእይ ሥራ ለምታቀርቡ አባላት

የተከበራችሁ አባላት፣

የቀጣዩ ዐውደ ርእያችን ጭብጥ «ወቅት ሲለወጥ» ነው። ልብ በሉ፤ የምንፈልገው ወቅቱን ሳይሆን ለውጡን ነው። አበባ የሞላበት መስክ ብቻ ከመጣልን ግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ይመስላል።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1890 እና በ1891 የእህል ክምሮችን ደጋግሞ ሲሥል ያሳደደው የሚለዋወጠውን ብርሃን ነበር። የፍላንደርሱ ሠዓሊ ፒተር ብሩጌል (አባትየው) እ.ኤ.አ. በ1565 በሣለው «በበረዶ ውስጥ የሚጓዙ አዳኞች» ሥዕልም ብርዱ የሚሰማን ከበረዶው ይልቅ ከሰዎቹ ጎበጥ ያለ ጀርባና አንገታቸውን ከደፉት ውሾች ነው። እንዲህ ያለ ነገር አምጡልን፤ ረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕልም ፎቶግራፍም ቢሆን።

ሥራዎቹን በወቅት ቅደም ተከተል አንሰቅልም። ተመልካቹ ከሞቃት ቀለም ወደ ቀዝቃዛው ሲሻገር ለውጡን በዓይኑ እንዲያገኘው እንፈልጋለን። ስለዚህ አንዳንድ ሥዕሎች በሠዓሊያቸው ካልተጠበቀ ጎረቤት አጠገብ ይሰቀላሉ፤ ቅሬታ እንደሚመጣ ከወዲሁ እናውቃለን።

የውሃ ቀለምና ሌሎች የወረቀት ሥራዎች በብርሃን ስለሚደበዝዙ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) በማይበልጥ ብርሃን፣ ከመስኮት ርቀው ይቀመጣሉ። ደብዛዛው ክፍል የክብር መቀነስ አይደለም።

ለእያንዳንዱ ሥራ ርእሱን፣ ዓመቱን፣ የተሠራበትን ቁስና መጠኑን በሴንቲ ሜትር ጻፉ። ማብራሪያ ከሁለት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ። ሥራውን ከማምጣታችሁ በፊት ፎቶውን ላኩልን፤ የመስቀያ ሽቦውንም አጥብቁ።

የዝግጅት ኮሚቴው