ጥንቸል ለወሰዳችሁና ለመውሰድ ላሰባችሁ ደንበኞቻችን፦ ድርቆሹን ለምን አብረን እንደምንሰጥ

ደብረ ብርሃን

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ከኅዳር 1 ቀን ጀምሮ ከእኛ ጥንቸል የሚወስድ ሰው ሁሉ 3 ኪሎ ድርቆሽ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አብሮ ይረከባል። ድርቆሹን አልፈልግም ላለ ጥንቸሏንም አንሸጥም። ከዚያው ቀን ጀምሮ ስንዴ፣ በቆሎና ፉርሽካ ቀላቅለን በኪሎ እንሸጠው የነበረውን መኖ አቁመናል። «በግድ ነው እንዴ?» ብላችሁ የጠየቃችሁን ስላላችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ልናስረዳ ወደድን።

ባለፈው ጥቅምት አንዲት እናት ከትንሽ ልጃቸው ጋር መጥተው ግራጫ ግልገል ወስደው ነበር። በአምስተኛው ቀን ልጁ በካርቶን አቅፎ መለሳት፤ ሞታለች። ምን እንደበላች ጠየቅን። በመጀመሪያው ቀን ካሮትና ጥቅል ጎመን፣ በማግስቱ ዳቦና ቆሎ፣ ሆዷ ሲላላ ደግሞ እንዲያስርላት ተብሎ ሩዝ ሰጥተዋታል። በቤታቸው ካለው ሁሉ የተሻለውን ነው የመረጡላት። ያላገኘችው ሣር ብቻ ነበር።

ጥፋቱ የእኛ ነው። ልጁ በደስታ ሲዘል፣ እናቱ ገንዘብ ሲቆጥሩ «ሣር ስጧት፣ ውኃ አትርሱ» ብለን ሸኘናቸው። ከብት በሚረባበት አገር ላደገ ሰው ይህ ይበቃዋል ብለን ገመትን። አልበቃም፤ ምክንያቱም ጥንቸል ሣር ብትበላም ሆዷ የላም ወይም የበግ ሆድ አይደለም።

ላም ሣሩን መጀመሪያ በጨጓራዋ ታብላላዋለች፣ ታመሰኳዋለች፣ ከዚያ ወደ አንጀት ታወርደዋለች። ጥንቸል ጨጓራዋ አንድ ነው። ሣሩ የሚብላላው በስተኋላ፣ ትንሹና ትልቁ አንጀት በሚገናኙበት ቦታ ባለ ሰፊ ከረጢት ውስጥ ነው። እዚያ በዓይን የማይታዩ ብዙ ደቂቅ ሕዋሳት ይኖራሉ፤ የሚያበሏትም እነርሱ ናቸው ማለት ይቻላል። እነዚህ ሕዋሳት የለመዱት ቃጫ የበዛበትን ሣር ነው። ዳቦ፣ ቆሎ፣ እንጀራ ወይም ብዙ ካሮት በድንገት ሲወርድባቸው ጠቃሚዎቹ ይመናመናሉ፣ መርዝ የሚያመነጩት ይበዛሉ። ሆዷ ይነፋል፣ አንጀቷ ሥራ ያቆማል። ጥንቸል ደግሞ ማስታወክ አትችልም፤ የገባው ነገር መውጫው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ማገጥ የሚባለውን ለምለም የግጦሽ ተክል በአንዴ አብዝታ የጋጠች ላም እንዴት እንደምትነፋ ያየ የአገራችን ገበሬ የጥንቸሏንም ጭንቅ መገመት አያቅተውም።

አዲስ ቤት የገባች ጥንቸል ላይ ይህ ሁሉ ይበረታል። ከእናቷና ከወንድሞቿ ተለይታ፣ በመኪና ተንገላትታ፣ ሽታውን የማታውቀው ቤት ገብታለች። ጭንቀት ብቻውን የአንጀቷን እንቅስቃሴ ይቀንሳል። በዚያ ላይ የመብሏ ዓይነት ሲለወጥ አትችለውም። ስለዚህ ድርቆሹን የምንሰጣችሁ እኛ ጋ ስትበላው የነበረውን ራሱን ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ድርቆሽና ንጹሕ ውኃ ብቻ ስጧት። ከሌላ ቦታ ያመጣችሁት ድርቆሽ ካለ ከእኛው ጋር በጥቂቱ እየቀላቀላችሁ፣ በሰባት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ አሸጋግሯት።

ድርቆሹ አይለካም። ሌሊትም ቀንም ከፊቷ አይጥፋ። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜ ልኳን ያድጋል፤ የፊቱ ጥርስ ብቻ በዓመት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። የሚያሳጥረው ሣር ማላመጥ ነው። ለስላሳ ምግብ የለመደች ጥንቸል የመንጋጋ ጥርሷ እየሾለ ምላሷንና ጉንጯን ይወጋታል፤ እየራባት መብላት ያቅታታል። ይህ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ከሲታ ከሆነች በኋላ ነው።

«ቤት የገብስ ገለባ ሞልቶ ድርቆሽ ለምን እገዛለሁ?» ያሉን ደንበኛ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ገለባ እህሉ ከደረሰ በኋላ የቀረ ግንድ ነው፤ ጥርስ ይሞርዳል እንጂ አያጠግብም፣ አያሳድግም። ለመተኛ አንጥፉላት፤ ሞቆ ያሳድራታል። የሚበላው ግን አበባው ሳይረግፍ ታጭዶ የደረቀ ሣር መሆን አለበት። ጥሩ ድርቆሽ አረንጓዴነቱ አይጠፋም፣ ሽታው ደስ ይላል። ዝናብ ነክቶት የጠቆረ፣ ስታራግፉት አቧራ የሚያቦን ወይም ሻጋታ የሚሸት ከሆነ አትስጧት። የሰጠናችሁ ሲያልቅ ከእኛ መግዛት ግዴታችሁ አይደለም፤ ሰርዶም ሆነ ሙጃ ከጓሮ አጭዳችሁ፣ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ እያገላበጣችሁ አድርቃችሁ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ከአስፋልት ዳርና ፀረ አረም ከተረጨ ማሳ አጠገብ ብቻ አትጨዱ።

አልፋልፋ የሚባለው የመኖ ተክል ያላችሁ ጠይቃችሁናል። ከስድስት ወር በታች ላለች ግልገል ጥሩ ነው፤ ላደገችው ግን ካልሲየሙ ይበዛል። ጥንቸል ትርፉን ካልሲየም የምታስወግደው በሽንቷ ስለሆነ ፊኛዋ ውስጥ ነጭ ዝቃጭ ይጠራቀማል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አረንጓዴ ነገር መጀመር ይቻላል፤ በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት፣ ከአንድ ጭብጥ ያልበለጠ። የካሮት ቅጠል፣ የድንብላል ቅጠልና በሶብላ ይስማሟታል። ሰጥታችሁ ሁለት ቀን በጠጧን ተመልከቱ፤ ካልተለወጠ ቀጥሉ። ካሮቱ ራሱ ስኳር ስላለው እንደ ከረሜላ ቁጠሩት፤ ጥፍር የምታክል ቁራጭ በሳምንት ሁለት ጊዜ ትበቃለች። አቮካዶ፣ የድንችና የቲማቲም ቅጠል፣ ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት፣ ቸኮሌት በፍጹም አይሰጧትም። ልጆች ከእጃቸው ቆሎ ማካፈል ይወዳሉ። በእነርሱ እጅ ድርቆሽ አስይዙ፤ ከልጅ እጅ ስትመዝ ማየት ያው ደስታ ነው።

ስለ በጠጥ ካነሳን አይቀር፣ ብዙዎቻችሁ ደንግጣችሁ የምትደውሉበት ነገር አለ፦ ጥንቸሏ ከራሷ የወጣውን ትበላለች። አትከልክሏት። ሁለት ዓይነት ታወጣለች። አንደኛው ክብ፣ ደረቅ፣ ስትፈረክሱት ሣር የሚታይበት ነው። ሁለተኛው እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ፣ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ሲሆን፣ ከዚያ ከረጢት የሚመጣ፣ ፕሮቲንና ቫይታሚን ቢ የያዘ ነው። በቀጥታ ከመውጫው ተቀብላ ትውጠዋለች። መሬት ላይ ተጥሎ ካያችሁት ምግቧ ከልክ በላይ ገንቢ ሆኗል ማለት ነው፤ አረንጓዴውን ቀንሱ።

ክቡ በጠጥ እያነሰ፣ እየጠቆረ ከሄደ ግን ተጠንቀቁ። ግማሽ ቀን ምንም ካልበላች ወይም ምንም ካላወጣች «ነገ እናያለን» አይባልም፤ በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዷት። በትልልቅ ፊደል ልንጽፈው የሚገባን ደግሞ ይህ ነው፦ ለሰው የተገዛ አሞክሳሲሊን ወይም አምፒሲሊን በአፏ አትስጧት። በእነዚህ ሁለት ወራት ብቻ ሁለት ቤተሰቦች ካፕሱል ከፍተው በውኃ በጥብጠው ሰጥተዋል፤ ልባቸው ስለራራ ነው ያደረጉት። ለእኛ የሚያድነን መድኃኒት እዚያ ከረጢት ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ሕዋሳት ፈጅቶ ጥንቸሏን በጥቂት ቀን ይገድላታል።

ውኃን በተመለከተ ሁለት ኪሎ የምትመዝን ጥንቸል በቀን ከ100 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ትጠጣለች፤ ደረቅ ሣር ስትበላ ወደ ላይኛው ትጠጋለች። እዚህ ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሲጠና የመጠጫ ጠርሙሷ ጫፍ ላይ ውኃው ይረጋል፤ ጠርሙሱ የሞላ ቢመስልም እርሷ ተጠምታ አድራለች። ጠዋት ጠዋት በጣታችሁ ነካ አድርጋችሁ አረጋግጡ፤ ወይም ከባድ የሸክላ ሳህን ተጠቀሙ። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ያላችሁ ደንበኞቻችን ችግራችሁ ሌላ፣ ሙቀቱ ነው። ጥንቸል ብርዱን በፀጉሯ ትችለዋለች፤ ሙቀት ግን ይጎዳታል፣ የመብላት ፍላጎቷንም ይዘጋል። አየር የሚነፍስበት ጥላ ውስጥ አኑሯት፤ አዲሱን ድርቆሽ ሲነጋጋና ሲመሻሽ ጨምሩላት። በተፈጥሮዋም የምትነቃው በእነዚያ ሰዓታት ነው።

ያ ልጅ ሌላ ጥንቸል ወስዷል፤ በዚህ ጊዜ እናቱና እርሱ ተቀምጠው፣ እኛም ተቀምጠን፣ ይህን ሁሉ ተነጋግረን ነው። ከነሐሴ ወዲህ ያለ ድርቆሽ የሸኘናችሁ ደንበኞቻችን ድርሻችሁ ይጠብቃችኋል። ደረሰኝ ባይኖራችሁም ችግር የለም፤ ባዶ ማዳበሪያ ይዛችሁ ኑ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤትና ሠራተኞች