ነፃውን መከላከያ አጥፍታችሁ ለሸጣችሁልኝ አንቲቫይረስ የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ታኅሣሥ 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኮምፒዩተር ሽያጭና ጥገና ድርጅታችሁ
ደብረ ማርቆስ

ጉዳዩ፦ ኦርጅናል ተብሎ ለተሸጠልኝ አንቲቫይረስ የከፈልሁት 1,500 ብር እንዲመለስልኝ እና ሌሎች ደንበኞቻችሁም እንዲነገራቸው ስለመጠየቅ

እኔ ፍኖተ ሰላም ከተማ የምኖር ጡረታ የወጣሁ መምህር ስሆን የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊም ነኝ። መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ድረስ መጥቼ ከሱቃችሁ አንድ ዩዝድ ዴስክቶፕ ገዝቻለሁ። በኮምፒዩተሩ ቅሬታ የለኝም፤ ይህንም ደብዳቤ የምጽፈው በእሱ ነው። ቅሬታዬ አብራችሁ የሸጣችሁልኝን አንቲቫይረስ የሚመለከት ነው።

የዚያን ዕለት ሒሳብ ከፍዬ ልወጣ ስል ሽያጭ ላይ የነበረው ልጅ «ጋሼ፣ አንቲቫይረስ ሳያስጭኑ ይዘውት እንዳይሄዱ፤ ሳምንት ሳይሞላው ቫይረስ ይበላዋል» አለኝ። ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ የሚመጣ ነፃ አለ ሲባል ሰምቼ ስለነበር ጠየቅሁት። «እሱማ ለስም ነው እንጂ ምንም አይዝም። ይሄ ኦርጅናል ነው፤ ዓመት ሙሉ አይነካዎትም» ብሎ መለሰልኝ። አመንሁት። የከፈልሁት የዕድሩን ገንዘብ ነው። ደረሰኙ ላይ «ሶፍትዌር» ተብሎ ብቻ ተጽፏል፤ ቅጂውን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

የዕድራችን አባላት 186 ነን። ወርሃዊ መዋጮው፣ ቅጣቱ፣ ለለቅሶ የወጣው ወጪ፣ የድንኳኑና የወንበሩ ኪራይ ሁሉ የተመዘገበው በአንድ ፍላሽ ላይ ነው። ፍላሹን ለማሳተም ፎቶ ኮፒ ቤት እወስደዋለሁ፤ መልሼም ቤት እሰካዋለሁ። ኅዳር 14 ቀን እሑድ ለስብሰባው ሪፖርት ላወጣ ስሰካው ፎልደሮቹ ስማቸው እንዳለ ሆኖ ሁሉም ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት አብቅለዋል። «መዋጮ 2017» የሚለውን ስጫነው ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ሌላ ምንም የለም። የቀሩትንም አንድ በአንድ ሞከርሁ፤ ሁሉም ያው ነው።

ስብሰባው ላይ ባዶ እጄን ቀረብሁ። ከአባላቱ አንዱ ተነሥቶ «የእኛ ሒሳብ የት ገባ?» አለ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ጠመኔ ይዤ ሳስተምርም ሆነ ዕድሩን ሳገለግል በሰው ገንዘብ ተጠርጥሬ አላውቅም። ሰውየውን አልወቅሰውም፤ መጠየቅ መብቱ ነው። መልስ አጥቼ የቆምሁት ግን እኔ ነኝ፤ ይህን ደብዳቤ የሚያጽፈኝም ከ1,500 ብሩ ይልቅ ያች ሰዓት ናት።

በማግሥቱ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእህቴ ልጅ መጥቶ ኮምፒዩተሩን ፈተሸው። ያገኘውን በዝርዝር የምጽፈው እናንተም ሠራተኞቻችሁ የሠሩትን እንድታዩት ነው። የጫናችሁልኝ አንቲቫይረስ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም የፈቃድ ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ክፍያ እንዲሠራ የተደረገ ነው። መስኮቱ አረንጓዴ ምልክት ያሳያል እንጂ የቫይረስ መለያ ዝርዝሩ ከመስከረም 12 ወዲህ አንድም ቀን አልታደሰም። ከዊንዶውሱ ጋር በነፃ የሚመጣው መከላከያ፣ ዲፌንደር የሚባለው፣ ደግሞ ጠፍቷል፤ ላብራው ሲል ቅንብሩ በአስተዳዳሪ የሚተዳደር መሆኑን የሚገልጽ መልእክት መጣበት። በእኔ ቤት ካለ ኮምፒዩተር ላይ ከእኔ በቀር አስተዳዳሪ የለም፤ ይህን የቆለፈው ክራኩን የጫነው እጅ ነው። ከዚህም በላይ ዊንዶውሱ ያለበት ሲ ድራይቭ በሙሉ ከፍተሻ ውጭ እንዲሆን ተመዝግቦ ተገኝቷል።

የእህቴ ልጅ አንድ ነገር በዓይኔ አሳየኝ። የአንቲቫይረስ መሞከሪያ እንዲሆን ተብሎ የተዘጋጀ፣ ማንንም የማይጎዳ፣ 68 ምልክት ብቻ ያለው አጭር ጽሑፍ አለ፤ አይካር ይባላል። የሚሠራ አንቲቫይረስ ሁሉ ሊይዘው ይገባል። ጽሑፉን በኖትፓድ ጽፎ ሴቭ ሲያደርገው የእናንተው ዝም አለ። አንቲቫይረሱን ነቅሎ፣ ቁልፉን ፈትቶ፣ ዲፌንደሩን አብርቶና አድሶ እንደገና ሲሞክረው ግን ፋይሉ ገና ከመቀመጡ ማስጠንቀቂያ ወጣና ታገደ። «ለስም ነው» የተባልሁት ይኼው ነው።

ፍላሹ ላይ የነበረው ቫይረስ ፋይሎቹን አላጠፋቸውም፤ ደብቆ በቦታቸው አቋራጭ ተክሎ ነበር። ከምሽቱ 1 ሰዓት የጀመረው ሙሉ ፍተሻ 5 ሰዓት ላይ አለቀ፤ የተደበቁት ፎልደሮችም አትሪብ በሚባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ ተመለሱ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የጠፋ ሒሳብ የለም። ሆኖም ያን ፍላሽ በእነዚያ ሳምንታት የዕድሩ ሊቀመንበር ቤት ኮምፒዩተር ላይም ሰክቸው ነበር፤ የእሱም ተበክሎ ተገኘ። በሽታውን ሰው ቤት ያስገባሁት በእጄ ነው፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የምትሸጡለት ሰው እውነቱን እንዲያውቅ ብትፈልጉ ኖሮ ነገሩ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ዲፌንደር ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ፣ ሙሉ አንቲቫይረስ ሆኖ አብሮ የሚመጣ ነው። አንቲቫይረስ የሚፈትኑት ድርጅቶች፣ የጀርመኑ ኤቪ-ቴስት እና የኦስትሪያው ኤቪ-ኮምፓራቲቭስ፣ በየጊዜው ከሚከፈልባቸው ጋር እያወዳደሩ ይፈትኑታል፤ በቅርብ ዓመታትም ጥሩ ውጤት ያገኛል። ሌላ አንቲቫይረስ ሲጫን በራሱ ገለል ይላል፤ ያኛው ጊዜው ሲያልፍበት ተመልሶ ይነሣል። እንዲህ የተሠራው ኮምፒዩተሩ ያለ ጠባቂ እንዳያድር ነው፤ የእኔው ያለ ጠባቂ የከረመው ሰው ሆን ብሎ ስላጠፋው ነው።

ሌላ ነፃ የሚፈልግ ደንበኛ ቢመጣ አቫስት አለ፣ አቪራ አለ፣ ቢትዲፌንደርም ነፃ አለው። እነዚህም ቢሆኑ ጉዳያቸው መነገር አለበት፤ ነፃዎቹ «የሚከፈልበትን ግዙ» እያሉ ደጋግመው ይጎተጉታሉ። አቫስት ጃምፕሾት በተባለ ንዑስ ድርጅቱ በኩል ተጠቃሚዎቹ የጎበኟቸውን ድረ ገጾች መረጃ ሲሸጥ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2020 ዘግቶታል፤ በ2024 ደግሞ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል። ማልዌርባይትስ የተባለው ሌላ ፕሮግራም ደግሞ ነፃው ሲጠሩት ይፈትሻል እንጂ ቀን ከሌት አይጠብቅም። ከፍሎ መግዛት የሚፈልግም ካለ የላይሰንስ ቁልፉ በራሱ ኢሜይል፣ በራሱ ስም ይግባለት። በእኛ አገር የባንክ ካርድ ከውጭ ድረ ገጽ መግዛት ለብዙ ሰው የሚሆን አይደለም፤ ስለዚህ በታማኝነት ገዝቶ የሚያቀርብ ሱቅ ቢገኝ ለድካሙ የሚጨምረውን እኔ አልነፍገውም።

እዚህ ፍኖተ ሰላም ደግሞ ችግራችን ኔት ነው፤ አንዳንዴ ለቀናት ይጠፋል። የዲፌንደርን የቫይረስ መለያ ዝርዝር ከማይክሮሶፍት አውርዶ በፍላሽ ወስዶ ማደስ ይቻላል። እናንተ ኔት ያላችሁ ናችሁ፤ ይህን እያወረዳችሁ ለደንበኛ በ50 ብር ብትሰጡ እኔ በየወሩ እመላለስ ነበር። ክራክ ከመሸጥ ይህ በስንት ጣዕሙ!

ሌላም አለ። የሸጣችሁልኝ ኮምፒዩተር ላይ ያለው ዊንዶውስ 10 ነው። ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ ከገዛሁ 22 ቀን በኋላ መሆኑ ነው። የዲፌንደሩ ዝርዝር መታደሱን ይቀጥላል፤ የዊንዶውሱን የራሱን ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያ ግን ለአንድ ተጨማሪ ዓመት ካልተመዘገቡ በቀር አይመጣም። ይህንም ያወቅሁት ከእህቴ ልጅ ነው። እናንተ መስከረም ላይ ይህን ሳታውቁ ቀርታችኋል ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። እኔ ጠይቄ ነው ሐሰት የተነገረኝ። ስለዚህ 1,500 ብሩ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ከገንዘቡ እኩል የምጠይቀው ደግሞ ይህንኑ ክራክ ለጫናችሁላቸው ሰዎች ሁሉ ስልክ ደውላችሁ እንድትነግሯቸው ነው። የእኔን ስልክ ስትሸጡልኝ መዝግባችኋል፤ የእነሱም ይኖራችኋል። ከደጀን እስከ ቡሬ ስንት የዕድር፣ የማኅበር፣ የተማሪ ኮምፒዩተር አረንጓዴ ምልክቱን አምኖ እንደተቀመጠ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ወደፊትም ዲፌንደሩን አጥፍታችሁ ለማንም አትሽጡ።

ዕድራችን ታኅሣሥ 19 ቀን እሑድ ይሰበሰባል። 1,500 ብሩ ለምን እንደወጣና ምን እንደተገዛበት ለአባላቱ የማስረዳው የዚያን ቀን ስለሆነ መልሳችሁ ከዚያ በፊት በጽሑፍ እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ደንበኛችሁ፣ ከፍኖተ ሰላም

አባሪ፦ የደረሰኝ ቅጂ 1 ገጽ