ያን ማታ አላሸነፉም

ውድ እማዬ፣

እንዴት ከረምሽ? እኛ ሁላችን ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትንሿ የላክሽላትን በሶ ጨርሳ "አያቴ ሌላ ትላክ" እያለች ነው።

ይህን የምጽፍልሽ እንደ ንስሐ ቁጠሪው። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አንቺ ደግሞ ስልክ ላይ አታስጨርሺም፤ "ሂሳብህ ይቆጥራል፣ በል ደህና ዋል" ብለሽ ትዘጊዋለሽ። መነጽርሽን ካገኘሽው ራስሽ አንብቢው፤ ካላገኘሽው እህቴ ታንብብልሽ።

በ2016 ጥቅምት እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ጋ ሆነሽ አብረን ኳስ እናይ አልነበር? ጥቁርና ነጭ ማሊያ የሚለብሱትን መጀመሪያ "የሜዳ አህዮቹ" አልሻቸው። ኋላ ደረታቸው ላይ ያለችውን ኮከብ ስታዪ "ባለ ኮከቦቹ" ሆኑ። ስማቸው ቦታፎጎ ነው፤ የሪዮ ዴ ጄኔሮ ቡድን። እኔን ያስያዘኝ ፓርኪንግ አብሮኝ የሚሠራ የሪዮ ልጅ ነው። "አንዳንድ ነገር ቦታፎጎ ላይ ብቻ ነው የሚደርሰው" የሚል አባባል አላቸው፤ እሱም በየቀኑ ይላታል። በፈረንጆቹ 1948 ቢሪባ የሚባል ጥቁርና ነጭ ውሻ ገዳችን ነው ብለው ይዘውት ይዞሩ እንደነበር ስነግርሽ ትስቂያለሽ ብዬ ነበር። "ታዲያ ምን አለበት፣ ገድ ገድ ነው" አልሽኝ።

የብራዚል ሊግ እንደ አውሮፓው አይደለም። የፈረንጆቹ 2023ቱ፣ ያኔ የነበርሽበቱ፣ ፋሲካ ሰሞን ተጀምሮ የገና ጾም ከገባ በኋላ ነው ያለቀው። ሃያ ቡድን፣ 38 ጨዋታ። ቦታፎጎ የመጀመሪያዎቹን 19 ጨዋታዎች ሲጨርስ 15 አሸንፎ፣ 2 አቻ ወጥቶ፣ በ2 ብቻ ተሸንፎ ነበር። 47 ነጥብ! ሊጉን ለመጨረሻ ጊዜ የበላው በፈረንጆቹ 1995 ነበር፤ ስለዚህ ጓደኛዬ ዋንጫውን ቤቱ ወስዶ ያስቀመጠው ይመስል ነበር። አሰልጣኙ ሉዊስ ካስትሮ እንኳ መሐል ላይ ጥሏቸው ሮናልዶ ወዳለበት ወደ ሳዑዲው አል ናስር ሲሄድ አልደነገጠም። አዲስ መጣ፣ ተባረረ፣ ሌላ ተተካ። ነጥቡ ብዙ ስለነበር ማንም ልብ አላለም።

አንቺ የመጣሽው መንሸራተቱ ሲጀምር ነው። ያ ቅዳሜ ትዝ ይልሻል? ስቴዲየሙ መብራት ጠፍቶ ጨዋታው ለማግስቱ ሲዛወር "ጉድ! እዚያም ይጠፋል እንዴ?" ያልሽው። ሳምንቱን ሙሉ ለሰው ሁሉ ስነግር ነው የከረምኩት።

አሁን ወደ ኃጢአቴ።

ጥቅምት 21፣ ረቡዕ ማታ። ሽሮሽን በልተሽ፣ ነጠላሽን ጉልበትሽ ላይ ጣል አድርገሽ፣ መቁጠሪያሽን እንደያዝሽ ሶፋው ጥግ ተቀምጠሻል። ከፓልሜራስ ጋር ነው፤ ከሳኦ ፓውሎ የመጣ፣ ከኋላ እያሳደዳቸው ያለ ቡድን። ባለ ኮከቦቹ በሜዳቸው አንድ አገቡ። ሁለት አገቡ። ሦስት! እረፍት ሲወጡ 3 ለ 0። ብድግ ብለሽ "ዛሬ ማርያም ናት፣ እሷ ትጨርስላችኋለች፤ አንተም ተኛ" ብለሽ ገባሽ።

ከእረፍት እንደተመለሱ ኤንድሪክ የሚባል የ17 ዓመት ልጅ ተከላካዮቹን አልፎ አንድ አገባ። ምንም አይደለም አልኩ። ከዚያ ከቦታፎጎ አንዱ ተከላካይ በቀይ ወጣ። እንዲያም ሆኖ ፍጹም ቅጣት ምት አገኙ፤ አባባ ነፍሱን ይማረውና "ሪጎሬ" የሚላት። ቲኪኞ ሶሬስ ነው የሚመታው፣ ጎል አግቢያቸው። በረኛው አወጣበት። ወዲያው ያ ልጅ ሁለተኛውን አገባ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል 3 ለ 3። ባከነ ሰዓት ላይ ደግሞ አንድ የፓልሜራስ ተከላካይ ከቅርብ ገፍቶ 4 ለ 3 አደረገው። እንዳትሰሚኝ ትራሱን አፌ ላይ ይዤ ነበር።

ጠዋት ቡና እያፈላሽ "እንዴት ሆኑ?" አልሽ። ፊትሽን አየሁት። በቀኗ ተሸነፉ ማለት ከበደኝ። "አሸነፉ" አልኩሽ። ልጆቹን እንዳትቀሰቅሺ በቀስታ እልል አልሽ። እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሻማ አበራሽላቸው። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ።

አንቺ አዲስ አበባ ከተመለስሽ በኋላም ስትጠይቂኝ "ደህና ናቸው" እያልኩ አለፍኩት። ደህና አልነበሩም። ግሬሚዮ የሚባለውን ቡድን 3 ለ 1 እየመሩ፣ የእሱ አጥቂ ሉዊስ ስዋሬዝ ሦስት አግብቶ 4 ለ 3 ተሸነፉ። በዚያው ዓመት ወደ ታችኛው ሊግ ከወረደው ከኮሪቲባ ጋር ደግሞ በባከነ ሰዓት አግብተው፣ ደስታቸውን ሳይጨርሱ በዚያው በባከነ ሰዓት አቻ ተደረጉ። በመጨረሻዎቹ 11 ጨዋታዎች አንድም አላሸነፉም። በሁለተኛው ዙር ከ19ኙ ያሸነፉት 3 ብቻ ነው። ፓልሜራስ በ70 ነጥብ ዋንጫውን ወሰደ፣ ቦታፎጎ በ64 አምስተኛ ወጣ። ጓደኛዬ አንድ ጊዜ ዳኛውን፣ አንድ ጊዜ የሳዑዲን ገንዘብ ይረግማል። እኔ ግን ፍርሃት ነው እላለሁ። ከዚያ ማታ በኋላ እየመሩ እንኳ የሚቆጠርባቸውን ጎል የሚጠብቁ ነበር የሚመስሉት።

በዚያው ዓመት ሳንቶስም ወረደ። ፔሌን መቼም ታውቂዋለሽ፣ የእሱ ቡድን ነው። በፈረንጆቹ 1912 ከተመሠረተ ጀምሮ ወርዶ አያውቅም ነበር። በመጨረሻው ቀን በገዛ ሜዳው ፎርታሌዛ 2 ለ 1 አሸነፈውና ወረደ፤ ፔሌ ከሞተ ዓመት እንኳ ሳይሞላው። ያን ቀን የራሴን ሐዘን ረሳሁት።

ታዲያ ዛሬ ምን አናገረህ ትይኛለሽ። በቀጣዩ ዓመት ነገሩ ተገለበጠ። ኅዳር ላይ ፓልሜራስን በራሱ ሜዳ 3 ለ 1 አሸንፈው መሪነቱን ያዙ። በአራተኛው ቀን የደቡብ አሜሪካ ክለቦች ዋንጫ፣ ሊበርታዶሬስ የሚሉት፣ ፍጻሜ ቦነስ አይረስ ላይ ነበር። ጨዋታው ተጀምሮ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ተጫዋች በቀይ ወጣባቸው። "አንዳንድ ነገር ቦታፎጎ ላይ ብቻ…" ብሎ ጓደኛዬ ፊቱን ሸፈነ። በአሥር ሰው አትሌቲኮ ሚኔይሮን 3 ለ 1 አሸነፉ። ይህን ዋንጫ ሲያገኙ የመጀመሪያቸው ነው። ቀኑን እይልኝ እማዬ፦ ኅዳር 21። ኅዳር ጽዮን! በስምንተኛው ቀን የሊጉንም ዋንጫ በ79 ነጥብ ደገሙት።

ከፍጻሜው ማግስት፣ እሑድ፣ ደወልኩልሽ። "እማዬ፣ ባለ ኮከቦቹ በጽዮን ቀን ዋንጫ በሉ" ስልሽ ምን አልሽኝ? "ምን ይገርማል፣ አምናም በቀኗ አሸንፈው የለ።" ጉሮሮዬ ላይ ተቀረቀረ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። አምና በቀኗ አላሸነፉም። ሻማውም ለተሸነፈ ቡድን ነው የበራው። ይቅር በይኝ።

እህቴ አንድ ነገር ነግራኛለች፤ እሷን እንዳትቆጪ። ደረጃውን በጎንሽ ነው አሉ የምትወርጂው፣ ግድግዳውን ይዘሽ። እኔን ግን ሁልጊዜ "ጉልበቴ ደህና ነው" ትይኛለሽ። የሐኪሙን ወረቀት ፎቶ አንስታ እንድትልክልኝ ፍቀጂላት። እሑድ ስደውል ደግሞ በሂሳቤ አታመካኚ፤ ስልኩ በኢንተርኔት ነው፣ አይቆጥርም።

ልጅሽ