ሦስተኛው ገጽ

ጎንደር፣ ሐምሌ 2017

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔም እናትሽም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ በርትቷል፤ የአዘዞ መንገድ ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

ባለፈው በስልክ፣ አገራችን የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ስትደራደር የምትሠሪውን ሥራ አንስቼ «የመንግሥት ደመወዝ ምን ይረባሻል? የግል የሕግ ቢሮው ሲጠራሽ ለምን አትሄጂም?» ብዬ ስጨቀጭቅሽ ዝም አልሽኝ። ዝምታሽ ከነከነኝ። እንቅልፍ እምቢ ባለኝ ሌሊት የመተማው ሰሊጥ ትዝ አለኝ።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርሽ። 400 ኩንታል ሰሊጥ በፖርት ሱዳን በኩል ለውጭ ገዢ ሸጥሁ። ናሙናው እዚህ ሲታይ ባዕድ ነገሩ አንድ በመቶ አይሞላም ነበር። ዕቃው ከደረሰ በኋላ ግን «ሦስት በመቶ ነው» ብለው ዋጋውን ቆረጡብኝ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ውሉን በሻማ አነበብሽልኝ፤ መዝገበ ቃላቱ ጉልበትሽ ላይ፣ ጣትሽ መስመሩ ላይ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ጣትሽ ቆመ። ስለ ጥራቱ የመጨረሻው ቃል በመድረሻ ወደብ የሚደረገው ምርመራ ነው ይላል። ከሥሩ የእኔ ፊርማ። «አባባ፣ ይህን ማን አንብቦልዎት ፈረሙ?» አልሽኝ። ማን ያነብልኛል!

አገርም እንደ እኔ ልትፈርም እንደምትችል የገባኝ ዘንድሮ ጥምቀት ላይ ነው። አጼ ፋሲል መዋኛ ሕዝቡ ጠበሉን ሲሻማ አንቺ ግንቡን ተደግፈሽ ስልክሽ ላይ አቀርቅረሻል። ተቆጣሁሽ። «የአባል አገሮች ጥያቄ ነው፣ መልሱ ሊዘገይ አይችልም» አልሽኝ። እኔ የዓለም ንግድ ድርጅት አባልነት ማመልከቻ አስገብቶ ወረፋ መጠበቅ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ስለ ቀረጡ፣ ስለ ባንኩ፣ ስለ ቴሌኮሙ የፈለገው አባል አመልካቿን አገር ይጠይቃል፤ ቃል የተገባበት የቀረጥ ጣሪያም በኋላ ካሳ ሳይከፈልበት ከፍ አይልም። ሦስተኛው ገጽ ማለት ይህ አይደል?

አገራችን ያመለከተችው በጥር 1995 ነው። (ድርጅቱ ራሱ የተመሠረተው በፈረንጆቹ 1995 ነው፤ የቁጥሩ መገጣጠም ሁልጊዜ ያስቀኛል።) ማመልከቻዋን የሚመረምረው የአባል አገሮች የሥራ ቡድን መጀመሪያ የተሰበሰበው በግንቦት 2000፣ አራተኛው ስብሰባ በጥር 2012፣ ያ ጥምቀትሽን የበላው አምስተኛው ደግሞ በመጋቢት 2017። ያመለከቱት ሰዎች ስንቶቹ ጡረታ ወጥተው ይሆን?

የአፍሪካ ነጻ የንግድ ቀጣናውን ነገር ስትነግሪኝም ስቄያለሁ። አንድ ዕቃ የየት አገር ስሪት እንደሆነ ለመለየት ያ ሁሉ ገጽ! ቅዳሜ ገበያ ቅቤ ሻጯ «የደባርቅ ነው» ብላ ከማለች አለቀ።

የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ እንደሚያንገበግብሽ አውቃለሁ። የግሉን ቢሮ ብትመርጪ አልቀየምሽም። «ምን ይረባሻል» ያልሁትን ግን አንስቻለሁ።

እናትሽ በርበሬና ሽሮ ልካለች፤ ከመናኸሪያ ተቀበይ። ሌላው፣ ወንድምሽ ሰሊጥ ሊሸጥ ተዋውሎ ሊፈርም ነው። ውሉን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልሻል። የመንግሥት ሠራተኛ በግል ጥብቅና አይቆምም እንደምትይኝ አውቃለሁ። እኔ ተከራከሪለት አላልሁም፤ አንብቢው ነው ያልሁት።

አባትሽ