ሲልቪያ የተከራዮችም ሰው ነበረች

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ጥሩ ነው። ግን «የኢትዮጵያ ወዳጅ» ብሎ ጀምሮ «የኢትዮጵያ ወዳጅ» ብሎ ነው የጨረሰው። ሴትዮዋ ጣሊያን ሲወርረን ለእኛ መጮህ ስትጀምር ዕድሜዋ ሃምሳን አልፎ ነበር። እስከዚያ ምን ስትሠራ ኖረች? እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት በኪራይ ቤት የኖርኩ ሰውም ነኝ። ጽሑፋችሁ የዘለለው ደግሞ በጣም የሚመለከተኝን ክፍል ነው።

(«እሳቸው» ማለት እንደነበረብኝ አውቃለሁ። ግን የቤት ኪራይ ሲነሳ አብሮኝ የሚበሳጭን ሰው አንቱ ማለት አይሆንልኝም።)

ሲልቪያ በ1882 እ.ኤ.አ. ማንቸስተር ተወለደች። እናቷ ኤመሊንና እህቷ ክሪስታቤል ለሴቶች የመምረጥ መብት በመታገል ስመ ጥር ናቸው። እሷ ግን የሠራተኛው ሴት ነገር ይበልጥባት ነበርና ምሥራቅ ለንደን፣ ቦው የሚባል የድሃ ሰፈር ገባች። በ1914 መጀመሪያ ከእናቷ ድርጅት አስወጧት። አልደነገጠችም፤ የሰፈሩን ሴቶች ማኅበርና አንድ ጋዜጣ ይዛ ቀጠለች።

የዚያ ማኅበር አንዱ መፈክር «ድምፅ ከሌለን ኪራይ የለም» ነበር። እኔ ይሄን ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ትንሽ ተንጎራደድኩ። ኪራይ ሰብሳቢው ሲመጣ በሩን የምትከፍተው፣ ሳንቲሟን ቆጥራ የምትሰጠው ሚስት ናት። (ኪራይ ሰብሳቢ ስል የእኛን ፖለቲካ ማለቴ አይደለም፤ እውነተኛውን ነው።) መንግሥት ድምፅሽ አይቆጠርም ይላታል፤ ሳንቲሟ ግን ይቆጠራል። እንግዲያው ሳንቲሙን እንያዘው አሉ። አድማው በሰፊው ሳይጀመር አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ።

ሲልቪያ ያኔም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። የወታደር ሚስቶች አበል ሲዘገይ ምሳ በሁለት ፔኒ የሚበላበት ቤት ተከፈተ፤ ለሌለው በነፃ። አንድ የድሮ መሸታ ቤት የሕፃናት መዋያ ሆነ። የኪራዩን አድማ በተግባር ያሳዩት ስኮትላንድ ውስጥ ያለችው የግላስጎው ከተማ ሴቶች ናቸው፣ በ1915። ሜሪ ባርበር የምትባል የጎቫን ሰፈር ሴት ከፊት ነበረች። ደጃፍ ላይ ደወል የያዘች ሴት ትቀመጣለች፤ አስለቃቂው ሲመጣ ደወሉ ይጮኻል፤ ሴቶቹ ከየቤታቸው ወጥተው በዱቄት ይቀበሉታል! በዚያው ዓመት መጨረሻ የእንግሊዝ መንግሥት ኪራይ እንዳይጨምር የሚያግድ ሕግ አወጣ።

አሁን ወደ እኛ ግቢ ልምጣ። ስድስት ተከራዮች ነን። አከራያችን ኪራይ ሲጨምር ሰብስቦ አይናገርም። ማታ ማታ በር ያንኳኳል፣ ለየብቻ። እያንዳንዳችን ጨምረን እያንዳንዳችን ዝም አልን። አንድ ቀን ቧንቧው ጋ ወረፋ ስንጠብቅ አንዷ ጎረቤቴ አፏን አምልጧት ዋጋዋን ተናገረች። ለካ ለስድስታችን ስድስት ዓይነት ዋጋ ነው የተነገረን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። እኔ መምህር ተብዬው እንኳ አዋጁን አውጥቼ ያነበብኩት ከዚያች የቧንቧ ወሬ በኋላ ነው። ስድስታችንም ቁጭ ብለን፣ ጮክ ብለን አነበብነው። ደወል ገና አልገዛንም።

ሲልቪያን ከኢትዮጵያ ጋር ያገናኘው ነገር ከዚህ የተለየ አይመስለኝም። ዘውድ የምትወድ ሴት አልነበረችም። በ1920 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ድረስ ሄዳ ከሌኒን ጋር የተከራከረች፣ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ከገዛ አገሯ ኮሚኒስት ፓርቲ የተባረረች ግራ ዘመም ናት። ለአፄ ኃይለ ሥላሴም የምደግፍዎ ንጉሥ ስለሆኑ ሳይሆን ጉዳይዎ ትክክል ስለሆነ ነው ማለቷ ይነገራል። «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለው ጋዜጣዋ የመጀመሪያ እትም የወጣው ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ይዤ ንጉሠ ነገሥታዊ ግዛት መሠረትኩ ብሎ ባወጀበት ዕለት። ሃያ ዓመት ያህል አሳተመችው። ቦው ላይ የተማረችውን ነው እዚህም ያደረገችው፦ ጋዜጣ ማተም፣ ሳንቲም ማሰባሰብ፣ የባለሥልጣን በር ማንኳኳት። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታልም የዚያ ሳንቲም አለበት። በሯን የሚያንኳኳ ጉልበተኛ ምን እንደሚመስል የምታውቅ ሴት፣ አዲስ አበባ ሲንኳኳ ለማን እንደምትቆም አልጠፋትም።

ጽሑፋችሁ ይሄን ቢጨምር ኖሮ ተማሪዎቼ የሚጠይቁኝን ጥያቄ ይመልስ ነበር። ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ መቃብሯ ጋ ስወስዳቸው ሁልጊዜ «እንግሊዛዊት ሆና ለምን?» ይላሉ። እኔም ከቦው እጀምርላቸዋለሁ። ከኋላ የሚቀመጡት ሳይቀሩ ዝም ብለው የሚያዳምጡት ኪራዩ ጋ ስደርስ ነው። ብዙዎቹ የተከራይ ልጆች ናቸው።

አንድ እርማትም አለኝ። ከፎቶዋ ሥር የተጻፈው የዕረፍት ዓመት በአንድ ዓመት ይቀድማል። ያረፈችው መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት ነው።

ተከራዩ የታሪክ መምህር
ከአዲስ አበባ