ናሆምን ከማዛወርሽ በፊት

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽም ደም ግፊት ረገብ ብሎላታል።

የልጅሽ የናሆም ነገር አሳስቦናል። በቃሉ እያባዛ፣ የፕላኔት ስም እየደረደረ፣ ስሙን ጻፍ ሲባል ያለቅሳል አልሽን። በሞንቴሶሪ ዘዴ የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት ላስገባው ማለትሽን አልቃወምም። ግን ከመክፈልሽ በፊት የማንበብና የመጻፍ ችግር እንዳለበት አስመርምሪው።

ዘዴውን የጀመረችው ማሪያ ሞንቴሶሪ ሐኪም ነበረች። በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም፣ ሳን ሎሬንሶ ሰፈር «የልጆች ቤት» ያለችውን ትምህርት ቤቷን ከመክፈቷ በፊት፣ ትምህርት አይገባቸውም ከተባሉ ሕፃናት ጋር ሠርታለች። በእሷ ዘዴ ከብርጭቆ ወረቀት የተቆረጠውን ፊደል በጣት መዳሰሱ ለናሆም ደግ ነው። በሒሳብም ከትልልቆቹ ጋር መሄድ ይችላል። የሚያሰጋኝ ልጁ ሥራውን ራሱ መምረጡ ነው። ብልጥ ልጅ ያቃተውን መሸሽ ያውቅበታል፤ ቀኑን ሙሉ ዶቃ ሲቆጥር ቢውል ማን ልብ ይለዋል?

አጎትሽ እንዲህ ነበር። የእህል ነጋዴዎቹን ሒሳብ ከወረቀታቸው ቀድሞ ይነግራቸዋል። መምህራችን «ይህን የሚያውቅ ማንበብ ያቅተዋል? ልግመኛ ነው» እያለ በአለንጋ ይገርፈው ነበር። ብልህነቱ ነው ያስገረፈው። እስኪሞት ድረስ ደብዳቤ ሲደርሰው «መነጽሬን ረስቻለሁ፣ አንብብልኝ» ይለኛል። መነጽር ኖሮት አያውቅም። እኔም አንብቤ እሰጠዋለሁ፤ አንድም ቀን አልተነጋገርንበትም።

እና ልጄ፣ አስመርምሪው። ሰኞ ጠዋት አሁን ለሚማርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት በጽሑፍ አመልክቺ፤ በቃል አይሆንም። ቀን ጻፊበት፣ ቅጂ አስቀሪ። ምርመራው በነፃ ነው፤ አሜሪካ ለዚህ ሕግ አለው፣ ፈቃድሽን ከፈረምሽ በኋላ 60 ቀን ነው የሚሰጣቸው፤ ክፍለ ግዛቱ የራሱን ጊዜ ካልወሰነ በቀር። «ሒሳቡ ጥሩ ነው፣ አያስፈልገውም» ቢሉሽ እሺ ብለሽ እንዳትመለሺ! የግል ትምህርት ቤት ከገባ ደግሞ የመንግሥቱ ልዩ ድጋፍ እንዳለ አይከተለውም።

ሞንቴሶሪ የሚለውን ስም እዚያ አገር ማንም በሩ ላይ መለጠፍ ይችላል። ገብተሽ ተቀምጠሽ እዪ። መምህሯ የት ሠለጠነች? ፊደልና ድምፅ በየቀኑ የሚያስጠናው ማነው? ልጁ ማንበቡን ሳይመርጥ ሳምንት ቢያልፍስ? መልሱ «ጊዜው ሲደርስ ያነባል» ከሆነ ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ።

ከእኅቱ ጋር አታወዳድሪው። ሳሚልኝ የኔን ጌታ። ከመክፈልሽ በፊት ግን፣ አደራ፣ አስመርምሪው።

ማመልከቻውን እንዳስገባሽ ደውዪልን። እሑድ አይሁን፤ እናትሽ ከቤተ ክርስቲያን ቶሎ አትመለስም።

አባትሽ